መመለሻ ያለው ሰው

ለመሆኑ ድካም ደስ የሚለው መቼ ነው?

በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ፣ የካላላው መንገድ የሚሉት የእግር መንገድ አለ። ባሕሩን በቀኝ፣ ጫካውንና ገደሉን በግራ አድርጎ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድና ካላላው ሸለቆ ሲደርስ ያበቃል። ጭቃው ያንሸራትታል፤ ዝናብ ሲጥል ጅረቱ በድንገት ይሞላል። ጎብኚው ግን ይህን ሁሉ ፈልጎ፣ ፈቃድ አውጥቶ ይጓዛል።

በዚያው ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1893 ኮኦላው የሚባል የደሴቲቱ ተወላጅ ተሸሽጎ ነበር። የሥጋ ደዌ ስለያዘው፣ ሕጉ ከሚስቱ ተለይቶ ወደ ሞሎካይ ደሴት እንዲጋዝ ያዝዝ ነበር። እምቢ አለ፤ ሊይዙት በመጡት ላይ ተኮሰ፤ ገደለም። ሚስቱ ፒኢላኒ ጤነኛ ሆና ሳለ አብራው ጫካ ገባች። ልጃቸውንም እሱንም እዚያው ቀብራ ብቻዋን ወጣች።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው፣ «ታዲያ ጎብኚው ምን አጠፋ?» አለኝ።

ምንም አላጠፋ። ጭቃው ያው ጭቃ፣ ዝናቡም ያው ዝናብ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ሲበቃው ቤቱ መግባት መቻሉ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ችግር ሰውን ያጠነክራል» ብለን ለሌላው ከመስበካችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ሰውዬው መመለሻ አለው ወይ?