ሐኪሙ የማን ነው?

አክስቴ የጠየቀችኝን አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ በቅጡ አልመለስኩላትም።

አክስቴ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምትኖር ገበሬ ናት። ልጇ እንደ ብዙዎቹ የጎጃም ደጋ ወጣቶች ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ወርዶ ሲመለስ ወባ ይዞት መጣ። የደገኛ ሰውነት ወባን አያውቃትም። ቆለኛውን ለጥቂት ቀን አንቀጥቅጣ የምትተወው በሽታ ደገኛውን ጭንቅላቱ ላይ ወጥታ ትጥለዋለች። የአክስቴም ልጅ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለ ራሱን ሳተ። ተሳፋሪዎቹ መንገድ ላይ ካለች አንዲት ከተማ አውርደው መንግሥት ሆስፒታል አስገቡት። የከተማዋንም የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከስም ጋር አይደለምና።

እኔና አክስቴ በማግስቱ ደረስን። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስተኝተውታል። ክፍሉ ያለው አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ በሌላ ሕመምተኛ ተይዟል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ልጁን ያንዘፈዝፈው ጀመር፤ ትንፋሹም ይቆራረጥ ገባ። ነርሷ ጭምብሉን አፉና አፍንጫው ላይ ደፍታ የአየር ከረጢቱን በእጇ መጭመቅ ያዘች። ባልደረባዋን ስልክ እንድትደውል ላከቻት። ተረኛው ሐኪም ግቢው ውስጥ አልነበረም። እዚያው ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነበር። እስኪደርስ 40 ደቂቃ ፈጀ።

አክስቴ በሩ ሥር ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ልጄ፣ ይኼ ሐኪም የማን ነው?» አለችኝ።

እሷ ባደገችበት አገር ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የነፍስ አባት የቤተሰቡ ነው፤ ሰው ሊሞት ሲያጣጥር በውድቅት ቢጠሩት ይመጣል። ዳኛ የመንግሥት ነው። ነጋዴ የከፈለው ሁሉ ነው። ሐኪሙስ? የቀጠረው መንግሥት ነው? ማታ ማታ የሚከፍለው የክሊኒኩ ባለቤት? ወይስ አሁን ትንፋሽ ያጠረው ያ የአልጋ ቁራኛ?

ሐኪሙ እንደ ደረሰ ጊዜ አላጠፋም። መንዘፍዘፉን የሚያስቆም መድኃኒት ሰጠ፤ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አስገባ። መሣሪያው ባለመለቀቁ ግን ከረጢቱን እስኪነጋ መጭመቅ የኛ ፋንታ ሆነ። ነርሷ፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛና እኔ ተፈራረቅን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት የሰው ትንፋሽ በእጄ ይዤ አላውቅም። እጄ ሲዝል ነርሷ ከጎኔ ሆና ትቆጥርልኝ ነበር።

በኋላ ሳነብ የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ራሱ የተወለደው በዚሁ ዓይነት እጅ መሆኑን ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1952፣ በእኛ በነሐሴ 1944 ዓ.ም. ኮፐንሃገንን የፖሊዮ ወረርሽኝ መታት። መተንፈስ ከተሳናቸው ሕሙማን ከአሥሩ ስምንትና ዘጠኙ ይሞቱ ነበር። ብዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ቱቦ አስገብቶ ሳንባዋን በከረጢት አየር እየሞላ አዳናት። በቂ መሣሪያ ስላልነበረ ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች ለወራት እየተፈራረቁ ከረጢት ጨመቁ። የሟቾቹ ቁጥር እጅግ ወረደ። ኢብሰን ከዚያ ያገኘው ትምህርት ቀላል ነበር፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው የሚያድነው አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው። ማሽኑ የመጣው ያን ሰው ለማሳረፍ ነው። በሀገራችን ቬንትሌተር የሚለው ቃል በየቤቱ የተሰማው ኮቪድ ከገባበት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ያኔ ሁላችንም ስለ መሣሪያው ብዛት ተጨነቅን፤ ከጎኑ ስለሚቆመው ሰው የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

እንግዲህ በሌላው የሕክምና ዘርፍ ሐኪም ቢዘገይ ሕመምተኛ ይጉላላል፤ እዚህ ክፍል ሲዘገይ ግን ይሞታል። የአክስቴ ጥያቄ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

ሲነጋ ሐኪሙን በረንዳው ላይ አገኘሁት። እኩያዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ያጠራቀምኩትን አወጣሁት። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አልኩት።

አልተቆጣም። «እውነቱን ልንገርዎ» አለኝ። «የሆስፒታሉ ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። ክሊኒኩ ባይኖር ከሁለት ዓመት በፊት ወይ አዲስ አበባ ወይ ውጭ አገር ነበርኩ። ያን ጊዜ በ40 ደቂቃ ቀርቶ በ40 ቀንም አልመጣም። ደግሞ ክሊኒክ የነበረችውም ሰው ናት፤ አስም አፍኗት ነበር። ትቻት ልምጣ ኖሯል?»

መልስ አጣሁ። እኔ ራሴ ለሦስት ጋዜጣና መጽሔት እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። በአንድ ዛፍ ፍሬ እንደማይጠገብ አውቃለሁ። ልዩነቱ የኔ ጽሑፍ 40 ደቂቃ ቢዘገይ የሚሞት የለም።

ሐኪሙ የዋሸኝም አይመስለኝም። በመስከረም 1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ የግሉን ዘርፍ ካበረታታ ወዲህ ጠዋት የመንግሥት፣ ማታ የግል መሆን የሐኪሞቻችን የተለመደ ኑሮ ሆኗል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ ጮኸው በከፊል ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ሙያውም ገና ልጅ ነው። በአገራችን የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ነው። ከዚያ የሚወጡትን ጥቂቶች አዲስ አበባ ታስቀራቸዋለች፤ የቀሩትን ውጭ አገር ይጠራቸዋል።

የእኔን አገር ደብረ ማርቆስን ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመካከል ያ የዓባይ በረሃ አለ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ራሱ ስስ ነው፤ ጉልበቱ ከባሕር ዳርቻው አየር ሦስት አራተኛውን ቢሆን ነው። ሳንባው ለታመመ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ወደ ተሻለ ሆስፒታል ውሰዱት» ሲባል ታማሚው በረሃውን ወርዶ መውጣት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ደግሞ መንገዱ ራሱ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር በከተማው የሰነበተ አንድ ሐኪም፣ ግማሽ ቀኑ እንኳ ቢሆን፣ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ካልኩ ሐኪሙን ነጻ ለቀቅኩት ማለት ነው? አይደለም።

የሐኪም ሰዓት ከሆስፒታል ወደ ክሊኒክ ሲሻገር ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ ብቻ አይሻገርም። የአክስቴ የጤና መድን ደብተር የሚሠራው በዋናነት በመንግሥት ተቋማት ነው። ሰዓቱ ደብተር ከያዘው ወደ ጥሬ ገንዘብ የያዘው ይሄዳል። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ድኻው ሰዓት ይወሰድበታል።

እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ሐኪሙ በሁለት ቦታ መሥራቱ አይደለም። በሌላውም ዓለም ሐኪም በሁለት በሦስት ሆስፒታል ይሠራል፤ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ያው ሰው መምህርም ሐኪምም ነው። ጥፋቱ አንዷን ሰዓት ለሁለት መሸጥ ነው። ቀኑን መከፋፈል ይቻላል፤ የተረኝነት ሰዓት ግን አይከፈልም። በዚያች ሰዓት ሐኪሙ የመንግሥትም የክሊኒኩም አይደለም፤ የአልጋው ነው። ሌላው ሕመምተኛ ሊጠብቅ ይችላል፤ ይህኛው አይችልም። መብቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ግን ሐኪሙ ብቻውን የወሩን ሌሊት ሁሉ ተረኛ ከሆነ ከእሱ የምንጠይቀው ቅድስና ነው። ለቅድስና ደግሞ ደመወዝ አይቆረጥም። ሁለተኛና ሦስተኛ ሐኪም መቅጠር፣ የተረኛውንም ሰዓት በሚያኖር ዋጋ መክፈል የአስተዳዳሪውና የኛ የግብር ከፋዮቹ ዕዳ ነው። ያን ሳናደርግ በሐኪሙ ላይ መፍረድ አይገባንም።

ከሐኪሙ ብቻ የሚጠበቀው ደግሞ ሌላ ነው። የመንግሥቱን ሕመምተኛ «እዚህ አይሆንም፣ ማታ እዚያ ናልኝ» ብሎ ወደ ራሱ ክሊኒክ የሚስብ ሐኪም ድንበሩን አልፏል። ድንበሩን ለማወቅ ብዙ ፍልስፍና አያሻም። የት እንደነበረና ለምን እንደነበረ ለአክስቴ ፊት ለፊት ሊነግራት ይችላል? ከቻለ ችግር ላይ ያለ ሰው ነው። ካልቻለ እሱ ራሱ መልሱን ያውቀዋል።

የኛው ሐኪም ነገራት። ልጇ በአራተኛው ቀን ዓይኑን ሲገልጥ አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ «እማማ፣ ያን ሌሊት ዘግይቻለሁ፤ ሌላ በሽተኛ ይዤ ነበር» አላት። አክስቴ ብዙ አልተናገረችም። የእሱንና የነርሷን የክርስትና ስም ጠየቀች፤ በጸሎት እንድታስባቸው። ነርሷ ወዲያው ተናገረች። ሐኪሙ ግን ጥቂት ማሰብ ነበረበት፤ ለረጅም ጊዜ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አክስቴ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሁለቱን ስሞች ትጠራለች። እኔን ግን ስታገኘኝ ያንኑ ጥያቄ ትደግመዋለች። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎስ ምን ይሏታል?