ሚዛኑን ማን ይቅረጽ? የራስ ቁጥጥርና ለፀጉራቸው የሚረቡ እንስሳት

ለፀጉራማ ቆዳቸው በሚረቡ እንስሳት ዘርፍ ራስን በራስ መቆጣጠር ማለት አርቢዎች የሚንክን፣ የቀበሮንና የራኩን ውሻን አያያዝ ማኅበራቸው ባስወጣው መስፈርት እያስለኩ ውጤቱን ለገዢና ለመንግሥት የሚያሳዩበት አሠራር ነው። ዋነኛው ምሳሌ የአውሮፓ አርቢዎች ማኅበር በ2009 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ዌልፈር ነው። መስፈርቱን የቀረጹት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እየዞረ የሚመዝነውም የውጭ መርማሪ ድርጅት ነው። አርቢው በገዛ ደብተሩ “ደህና ናቸው” ብሎ ከሚጽፍበት አሠራር በእጅጉ ይሻላል።

ምዘናው ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። መርማሪው በተለያየ ወቅት እየመጣ የእንስሳቱን ክሳትና ውፍረት፣ ቁስላቸውን፣ በአንድ ስፍራ ያለማቋረጥ መመላለሳቸውን ይመዘግባል። ሚንኩ ሰው ይፈራ እንደሆነ ለማወቅ ቀጭን እንጨት በሽቦው መሐል ያስገባል፤ ቀርቦ ቢያሸት፣ ቢሸሽ ወይም ቢነክስ ውጤቱ ይለያያል።

እንከኑ ያለው ከመዛኙ ሐቀኝነት ይልቅ በሚዛኑ ላይ ነው። የዌልፈር ከፍተኛው ደረጃ “አሁን ካለው አሠራር ምርጡ” የሚል ነው። ሁሉም በሽቦ ጎጆ እያረባ የሽቦ ጎጆ ማንንም ከደረጃ አያወርድም። ሚንክ ደግሞ በተፈጥሮው ከውሃ የማይርቅ ዋናተኛ ነው። ጆርጂያ ሜሰንና ባልደረቦቿ በ2001 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ሚንኮች መዋኛ ገንዳ ጋ ለመድረስ ክብደት የተጫነበትን በር ይገፉ ነበር፤ ገንዳው ሲዘጋባቸው የጭንቀት ሆርሞናቸው ምግብ የተከለከሉ ያህል ጨመረ። ገንዳ የሌለው እርባታ ግን ከፍተኛውን ደረጃ ከማግኘት የሚያግደው የለም።

ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለእንስሳ የሚገባው ክብካቤ መነሻው ማሰብ መቻሉ ሳይሆን መሰቃየት መቻሉ እንደሆነ ተከራክሮ ነበር። ይህ ከተያዘ ምን ያህል ስቃይ ይበቃል የሚለውን ከስቃዩ የሚያተርፍ ወገን ሊወስነው አይገባም። አርቢዎች በበኩላቸው እንስሳቱን በየዕለቱ የሚያያቸው አርቢው ነው፣ የታመመ እንስሳም ጥሩ ፀጉር አያወጣም ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሰፊ ቆዳ ብዙ ስለሚያወጣ በፊንላንድ ቀበሮዎች ለግዝፈት ሲመረጡ ኖረዋል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ይፋ ባደረጓቸው ፎቶዎች ላይ የታዩት ቀበሮዎች ከውፍረት የተነሳ ቆዳቸው ተጣጥፎ ዓይናቸው ላይ ወድቋል። ገበያው የሚወደው እንስሳውን ጎዳው።

ብሪታንያ በ2000 እ.ኤ.አ. እርባታውን በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ ስትከለክል ያነሳችው ምክንያት የጎጆውን ስፋት ሳይሆን የሕዝብን ሞራል ነበር። ኖርዌይም በ2019 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀች። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሳይንሳዊ አስተያየት፣ አብዛኞቹ የእንስሳቱ ችግሮች አሁን ባለው የጎጆ አያያዝ ሊወገዱ እንደማይችሉ አስታውቋል። የራስ ቁጥጥር በጎጆው ውስጥ ያለውን ጉድለት ሊያቃልል ይችላል፤ ጎጆው ራሱ መኖር አለበት ወይ የሚለውን ግን ለመዳኘት ሥልጣንም ብቃትም የለውም።