ልጅ የሚማርበት መሣሪያ የማን ነው?

ዕውቀት ለሌላው ሊካፈል የሚገባው አደራ ነው ወይስ እንደ መሬትና እንደ ቤት በባለቤትነት የሚያዝ ንብረት ነው የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሃይማኖታዊ ትምህርት ውስጥ በተግባር ሲመለስ የኖረ ቢሆንም፣ ኮምፒውተር ወደ ሕፃናት መማሪያ ክፍል ከገባ ወዲህ እንደገና መነሣት ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በሚጎራበቱበት፣ ከአማርኛ ጋር ጉራጊኛና ስልጥኛ በየሰፈሩ በሚሰማበት በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም።

ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው፣ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን በማወጅ የጀመረው እንቅስቃሴ እንደሚተረጉመው፣ ተጠቃሚው ለፈለገው ዓላማ ሊያሠራው፣ ውስጡን መርምሮ ሊለውጠው፣ ቅጂውን ለሌላ ሊሰጥና ያሻሻለውንም ሊያሰራጭ የሚፈቀድለት ፕሮግራም ነው፤ ለዚህም ሠሪው የጻፈው፣ ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችለው ጽሑፍ ማለትም ምንጭ ኮዱ ክፍት መሆን አለበት። ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ፣ ለሕፃናት የተዘጋጁት ጂኮምፕሪና ተክስ ፔይንትም ከዚህ ወገን ናቸው።

ይህ ሶፍትዌር ለልጆች ትምህርት እንዲውል የሚሟገቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከዋጋ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ይህ ክርክር ደካማ ነው። ዊንዶውስና ማይክሮሶፍት ኦፊስ «ክራክ» ተደርገው፣ ማለትም መቆለፊያቸው ተሰብሮ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚገለበጡበት ከተማ፣ ባለቤት ያለው ፕሮግራም ለወላጅም ሆነ ለርእሰ መምህር ውድ ሆኖ አይታይም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በበኩሉ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ስለዚህ መስረቅ ኃጢአት መሆኑን በቤቱ የተማረ ልጅ ክራክ በተደረገ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፤ ጓደኛው ቅጂ ሲጠይቀው ደግሞ ሕጉን ከመጣስና ያለውን ከመንፈግ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። ልጅን በሁለት መልካም ትእዛዛት መካከል የሚያጣብቅ መሣሪያ፣ ምንም ያህል ቢያገለግል፣ ለመማሪያነት የተገባ አይደለም፤ የነፃ ሶፍትዌር ጠበቆችም ከሁሉ አስቀድመው ሊያነሡት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው።

ዕውቀት መርምረው የሚያካፍሉት አደራ መሆኑን ለማስረዳት ከሩቅ መበደር አያሻም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የየኔታን ቅኔ ተቀብሎ በቃሉ በመያዝ ብቻ አይመረቅም፤ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ፣ አገባቡን ፈትቶ ካየ በኋላ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርምለታል፤ ያገኘውን ይዞ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሲሻገርም ፈቃድ ጠያቂ የለበትም። በመድረሳም ልጁ በጥላሸት ቀለም ሎህ በተባለው ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን አንቀጽ ከያዘ በኋላ ሎሁ ታጥቦ ሌላ አንቀጽ ይጻፍበታል፤ የሚያስተምሩትም ሸህ ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳቸው ከማይቋረጥ ሥራዎች አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት መሆኑን ከሐዲስ ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ትውፊቱ የድካም ዋጋን አይነፍግምና። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ዳዊት የሚጽፍ ሰው ዋጋውን ይቀበል ነበር፤ ሆኖም የሚከፈለው ለእጁ ሥራ ነበር እንጂ፣ ገዢው መጽሐፉን ለሌላ እንዳያስገለብጥ የሚያስር ውል አልነበረም። ነፃ ሶፍትዌርም ሠሪው እንዲከፈለው አይከለክልም።

ትውፊቱ ብቻ ሳይሆን የሕፃናት ጠባይም መርምሮ መማርን ይደግፋል፤ ለዚህም ከኢትዮጵያ የተገኘ ምስክር አለ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው ሰጥቶ ነበር፤ መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ገለጹትም ልጆቹ እንዳይሠራ ተደርጎ የነበረውን ካሜራ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው እንዲሠራ አደረጉት። ቃሉ የሥራው ባለቤት ቃል መሆኑ ባይዘነጋም፣ የተዘጋን ነገር መክፈት በልጅ ዘንድ የዕውቀት ፍላጎት እንጂ ጥፋት አለመሆኑን ያሳያል። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አገሪቱ የገቡት ወደ 5,000 የሚጠጉ የድርጅቱ ላፕቶፖች ሹገር በተባለ ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ምንጭ ኮድን ለማሳየት የታሰበ ቁልፍ በሰሌዳቸው ላይ ነበራቸው፤ ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፉና ከመምህሩ አሠራር ጋር በሚገባ ስላልተጣመሩ ብዙ መምህራን መሣሪያውን ትምህርት የሚያውክ አድርገው አዩት። በሕንድ የኬረላ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ ነፃ ሶፍትዌር ሲዞሩ መምህራን በስፋት የሠለጠኑ መሆናቸው ከዚህ ጋር ሊነጻጸር ይገባል። እንግዲህ በኮልፌ የሚሟገት ሰው መጀመሪያ ማሳመን ያለበት መምህሩን ነው፤ ቀጥሎም «መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ዎርድና ኤክሴል ነው» የሚለውን ወላጅ፣ የዛሬ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ሥራ በሚይዝበት ዘመን የዛሬው ዎርድ እንደማይቆይለት በትዕግሥት ማስረዳት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ ሊሆን የሚችለው ግን የቋንቋ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ቦታ አግኝቷል፤ ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ደግሞ በ2021 ገብተዋል። ሆኖም ፊደሉ መለያ ቢያገኝም የልጆቹ ፕሮግራም በጉራጊኛ ወይም በስልጥኛ የሚናገረው አንድ ሰው ትእዛዛቱን ሲተረጉምለት ነው፤ ባለቤት ያለው ፕሮግራም ከሆነ ኩባንያው ገበያ እስኪታየው መጠበቅ ግድ ይላል፣ ጂኮምፕሪ ከሆነ ግን የሰፈሩ መምህር ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን ሊጀምር ይችላል።