ተሸፍኖ የሚሄደው

ታቦት አጅቦ የሚወጣ ሕዝብና በመንግሥት በዓል ቀን የሚሰለፍ ጦር ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም መንገድ ያዘጋሉ፣ ሁለቱም ሰንደቅና ከበሮ አላቸው፣ ሁለቱም ከዘወትር ልብስ የተለየ ልብስ ይጠይቃሉ። ጥምቀትን የሚተቹ ሰዎች ይህም እንደ ማንኛውም ሰልፍ ትርዒት ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ ትርዒት አይሻም ሲሉ ክሳቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልስ ይገባዋል። እኔ እንደማምነው ሁለቱን የሚለያቸው የድምቀት ማነስ ወይም መብዛት አይደለም። ሕዝቡ ያጀበው ነገር እንዲታይ ወጥቷል ወይስ ተሸፍኖ ይሄዳል? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንዲታይ የሚወጣው ሰልፍ ምን እንደሚመስል ሮም በሚገባ ታሳያለች። ቲቶ ኢየሩሳሌምን ባጠፋ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ71 ዓ.ም.፣ ከአባቱ ከንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ጋር የድል ሰልፍ አደረገ። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ እንደሚነግረን የቤተ መቅደሱ የወርቅ ገበታና መቅረዝ በሕዝብ ፊት በሸክም አለፉ፤ ሰልፉም ከጁፒተር ቤተ መቅደስ ደርሶ የቆመው ምርኮኛው የአይሁድ አለቃ ስምዖን መገደሉ እስኪነገር ድረስ ነበር። ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ በተሸካሚዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ዛሬም በቲቶ ቅስት ላይ ተቀርጾ ይታያል። ካህናት ብቻ በሚገቡበት ክፍል ይቀመጥ የነበረ ንዋይ ለመንገደኛ ሁሉ ተገለጠ። የድሉ ትርጉም ራሱ ይህ ነበር፤ የእናንተ ቅዱስ ነገር አሁን የእኛ ዐይን መዋያ ሆኗል ማለት ነው። በአንጻሩ ኦሪት ዘኍልቍን ምዕራፍ 4 የሚያነብ ሰው ፍጹም የተገላቢጦሽ ሥርዓት ያገኛል። ሰፈሩ ሊነሣ ሲል አሮንና ልጆቹ አስቀድመው ገብተው ታቦቱን በመጋረጃ፣ በቁርበትና በሰማያዊ ልብስ ይሸፍኑታል። ተሸካሚዎቹ የቀዓት ልጆች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ንዋየ ቅድሳቱን እንኳንስ ሊነኩ ለቅጽበት ሊያዩም አልተፈቀደላቸውም። የሚሸከሙትን ሳያዩ ይሸከማሉ።

ጥር 10 ቀን ከየደብሩ ወጥቶ ወደ ጃንሜዳ የሚወርደው ጉዞ የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። ታቦቱ በወርቀ ዘቦ ልብስ ተጠቅልሎ በካህኑ ራስ ላይ ነው፤ ከላዩ ጥላ ተዘርግቶለታል። ካህኑ አንገቱን እንደልቡ ማዞር አይችልም፣ እርምጃው አጭር ነው፤ ግራና ቀኙን የያዙት ሰዎችም በእሱ እርምጃ ይሄዳሉ። ወጣቶች ያነጠፉትን ምንጣፍ ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ጠቅልለው፣ እየሮጡ ወደ ፊት ወስደው እንደገና ያነጥፋሉ። የጉዞውን ፍጥነት የሚወስነው መርሐ ግብር የያዘ አስተባባሪ ሳይሆን ከሸክሙ በታች ያለው አንገት ነው። ከዳር የቆመውም ቢሆን ተመልካች ሆኖ አይቀርም፤ ታቦቱ ሲደርስ ይሰግዳል፣ እልል ይላል፣ ሲያልፍ ይከተላል። ያን ሁሉ ሕዝብ ከቤቱ ያወጣውን ነገር ግን ከሕዝቡ አንድም ሰው አላየውም። ጦር የሚያሰልፍ መንግሥት ታንኩን በሸራ ጠቅልሎ ቢያሳልፍ ሰልፉ ትርጉም ያጣል፤ እዚህ ግን መጠቅለያው ቢወልቅ በዓሉ ይፈርሳል።

ጌታ ግባና ደጅህን ዘግተህ ጸልይ ብሎ የለ ወይ የሚል ይኖራል። ብሏል፤ የከሰሰው ግን ሰው ያየኛል ብሎ የሚጸልየውን ነው እንጂ በሰው ፊት መሄድን አይደለም፤ እሱም በሆሣዕና ዕለት ሕዝብ እያጀበው ወደ ኢየሩሳሌም ገብቷል። ሜልኮል በመስኮት ሆና ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል አይታ የናቀችውም ንጉሡ በገረዶች ፊት ክብሩን ጣለ ብላ ነው። እሷ ያየችው ለሰው ዐይን የቀረበ ትርዒት ነበር፤ የዳዊት መልስ ደግሞ የዘለልኩት በእግዚአብሔር ፊት ነው የሚል ሆነ። ይህን ክርክር ከውጭ ሆኖ መፍታት እንደማይቻል አምናለሁ። ለሰው የሚዘልና ለእግዚአብሔር የሚዘል የእግራቸው እንቅስቃሴ አንድ ነው፤ የሚለየው ለማን እንደሆነ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ነገሥታቱም በዓሉን ለክብራቸው ተጠቅመውበታል፤ በጎንደር ጥምቀት የሚከበርበት መዋኛ ራሱ በአፄ ፋሲለደስ ስም ይጠራል። ይህን አልክድም። ሆኖም ንጉሡም ታቦቱ ሲያልፍ ይሰግድ ነበር፤ በወታደራዊ ሰልፍ ግን በመድረኩ ላይ ለቆመው ሰው ሰላምታ ተሰጥቶ ነው የሚታለፈው። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱን ያየ አንድ አደባባይ አለ። ደመራ የሚበራበት መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተባለ፤ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በሰሜን ወገን በረሃብ እያለቀ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ ተከበረ። ያ ሰልፍ የተሠራው እንዲታይ ነበርና፣ የማይታየው ነገር ሁሉ፣ ረሃብተኛው ጭምር፣ ከዕይታው ውጭ መቅረት ነበረበት።

ስለዚህ ለጥምቀት የምሰጋው ድምቀቱ ስለበዛ አይደለም። ዩኔስኮ በዓሉን በ2012 ዓ.ም. በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበ ወዲህ የካሜራውም የእንግዳውም ብዛት ቢጨምር አልከፋም፤ እንግዳ መቀበል የበዓሉ ጠባይ ነው። የምሰጋው ታቦቱ ለባለሥልጣን ንግግር ሲባል እንዲጠብቅ ሲደረግ፣ ፎቶ አንሺው ከካህኑ ፊት ቆሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ማኅበራትም ማን በለበሰው ልብስ ደመቀ ብለው ሲፎካከሩ ነው። እነዚህን ማረም የሚከብድ አይደለም፤ ንግግሩ ታቦቱ ከድንኳኑ ከገባ በኋላ ይሁን፣ ካሜራውም ከዳር ይቁም።