በሰው አገር የምንለምነውን በአገራችን ስለ መስጠት

ማለዳ ኪዳን ለማስደረስ በአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ የሚቆም ሰው ከደወሉ ድምፅ ጋራ ከኑር መስጊድ የሚወጣውን አዛን ይሰማል። ከዚያው ሳይርቅ አርመኖች በዚሁ ሰማዕት ስም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን አለ። የአራዳ ገበያ በጸናበት ዘመንም ከጉጀራት የመጣው የእስላሙ ነጋዴ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ለመኳንንቱም ለተራውም ሰው ይሸጥ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሃይማኖቱ እውነት እንደ ሆነ ያለ ጥርጥር የሚያምን ሰው፤ ከእርሱ ጋራ የማያምነውን ጎረቤቱን በምን ዓይን ሊያየው ይገባል? «ሁሉም አንድ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚል ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ሃይማኖት ናቀ እንጂ አላከበረም።

ነገሩን ከሩቅ ብንመለከተው ይገለጥልናል። በሕንድ አገር በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ከመቶው ሰው 80 ያህሉ ሂንዱ፤ 14 ያህሉ እስላም ሲሆን፤ ክርስቲያኑ 3 አይሞላም። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ሐዋርያው ቶማስ ሰበከን የሚሉት የኬረላ ኦርቶዶክሳውያን በሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው። በጥር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ካቶሊኮሳቸው ከአባቶቻችን ጋራ ተቀምጠዋል፤ ከኬረላ የመጡ ብዙ መምህራንም ልጆቻችንን ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል። በ849 እ.ኤ.አ. የኮላም ገዥ ለክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያን መሬትና መብት በመዳብ ሰሌዳ አጽፎ ሰጥቷል፤ ነገሥታቶቻችን ለገዳማት ጉልት እንደሚጽፉ ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ያን ገዥ እናመሰግናለን። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኦዲሻ ክርስቲያኖች ሲገደሉና ቤታቸው ሲቃጠል ግፍ ነው ብለናል፤ መልካም ብለናል።

በራሳችን ቤት ግን ሚዛኑ ያው ነውን? በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖቱን ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። መኳንንቱ ተጠመቁ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው «ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም» ሆነ። ከዚያ በፊት በግራኝ ዘመን የእኛ አባቶች በሰይፍ ሰልመው፤ ቀን በወጣላቸው ጊዜ ተመልሰዋል፤ መጽሐፈ ቄድርም ለእንደነዚህ ያሉት ተመላሾች ይደገማል። የእኛን ሰው ልቡ ሳይከዳ ቀረ ብለን እያመሰገንን፤ የወሎውን ሰው አታላይ የምንለው በምን ፍርድ ነው? እኔ መልስ አጥቼለታለሁ።

አንድ ወዳጄ ካህን «እውነትና ሐሰት እኩል መብት አላቸውን?» ብሎ ተከራከረኝ። መብቱ የሰውዬው ነው እንጂ የትምህርቱ አይደለም አልሁት። ትምህርቱን እንመርምር፤ እንከራከር፤ ቢሆንልን እናሳምን፤ ሥርዓተ ጥምቀታችንም ቢሆን አዋቂውን ተጠማቂ በገዛ አፉ ሰይጣንን እንዲክድ፤ በገዛ አፉ እንዲያምን ይጠይቀዋል። የወታደር ጦር በጀርባው ላይ ቆሞ የሚመልሰው መልስ የማን መልስ ነው? የአክሱሙ ንጉሥ ከመካ የተሰደዱትን እስላሞች አሳልፎ አልሰጥም ባለ ጊዜ የራሱን ሃይማኖት አልቀነሰም።

ወዳጄ ዝም አለ፤ አምኖ ይሁን ደክሞት አላወቅሁም።

በተማሪነቴ ዘመን በዚሁ በአራዳ ከአንድ ጓደኛዬ ጋራ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ ስንለምን፤ አንዲት አሮጊት እስላም ወጥተው «የመርየምን ስም ጠርታችሁማ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም» ብለው ትኩስ ዳቦ ሰጡን። ጓደኛዬ ጥጉን እንደ ዞርን ድርሻውን ለውሻ ጣለው። እኔ በላሁ፤ ነገር ግን እርሱን አንድ ቃል አልተናገርሁትም፤ ለመምህራችንም መብላቴን ደበቅሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ ደጅ ብዙ ጊዜ አለፍሁ፤ አንድም ቀን አላንኳኳሁም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ያም ቤት አብሮ ፈረሰ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሳልላቸው ቀረሁ።