ስለ አንዲት ዕንቁ ሁሉን የተዉ እኅቶች



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ መንግሥተ ሰማያትን መልካም ዕንቁ በሚፈልግ ነጋዴ መስሎ አስተምሮናል (ማቴ. 13፡45-46)። ነጋዴው እጅግ የከበረች አንዲት ዕንቁ ባገኘ ጊዜ ያለውን ሁሉ ሽጦ ገዛት። ምሳሌውን ስንሰማ ልባችን ወዲያው ወደ ዕንቁዋ ይሄዳል፤ ስለ ተሸጠው ንብረት ግን ብዙም አንጠይቅም። የተሸጠው የማይረባ ዕቃ አልነበረም፤ ነጋዴው ዕድሜውን ሙሉ ደክሞ ያፈራው ሀብት ነበር እንጂ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣላችሁ፣ በባሕር ማዶ በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተሹመው ሲያገለግሉ ከኖሩ በኋላ፣ ሹመታቸውን ትተው ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡትን ሴቶች ነው።

በአሜሪካ ሁለት ታላላቅ የሉተራውያን አብያተ ክርስቲያናት ሴቶችን ለመሾም የወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በ1976 ይህንኑ ፈቀደች። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም በ1992 በድምፅ ወስና፣ በ1994 በብሪስቶል ካቴድራል የመጀመሪያዎቹን 32 ሴቶች ሾመች።

ወይዘሮ ጄኒፈር ፌራራ በአሜሪካ የሉተራውያን መጋቢ ነበሩ። ቀድሞ የሴቶችን ሹመት ይደግፉ ነበር፤ በኋላ ግን የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን ትምህርት መርምረው ተቀበሉ፤ በ1998ም ወደ እርስዋ ገቡ። በ2004 እንደ እርሳቸው የሉተራውያን መጋቢ ከነበሩት ከወይዘሮ ፓትሪሽያ ሶዳኖ አየርላንድ ጋር ሆነው፣ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡ የ14 ሴቶችን ምስክርነት በአንድ መጽሐፍ አሳትመዋል።

እነዚህ እኅቶች የከፈሉትን ዋጋ እናስተውል። ባለትዳር የሆነ የአንግሊካን ካህን ካቶሊክ ቢሆን፣ ቅድስት መንበር በ1980 ለአሜሪካ በሰጠችው ፈቃድ፣ ደግሞም ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 ባወጡት ሕገ ቀኖና መሠረት ምሥጢረ ክህነትን ለመቀበል ሊጠይቅ ይችላል። ሴቲቱ ግን ይህ በር እንደማይከፈትላት አስቀድማ ታውቃለች። ደመወዟን፣ የሰበከችበትን አትሮንስ፣ ሰዎች የሚጠሩበትን ማዕርግ ትታ ከምእመናን ጋር ትንበረከካለች። ትናንት የጌታን ማዕድ ለሌሎች ስታድል የነበረች፣ ዛሬ ተሰልፋ ከካህኑ እጅ ትቀበላለች።

ይህን ሁሉ ስለ ምን አደረጉ? ነገሩ የሴቶች ሹመት ብቻ ነው ብንል እንሳሳታለን። በሀገራችን ያለችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከ2000 ጀምሮ ሴቶችን ትሾማለች። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ2009 በተመሳሳይ ጾታ ጥምረት የሚኖሩ ሰዎች መጋቢዎች እንዲሆኑ በጉባኤ በወሰነች ጊዜ፣ መካነ ኢየሱስ አልተቀበለችውም፤ በ2013ም ኅብረቷን አቋረጠች። እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከአባቶች የተረከብነውን እምነት በድምፅ ብልጫ ልንለውጠው ሥልጣን አለን ወይስ እንደ አደራ ልንጠብቀው ተሰጥቶናል?

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1994 በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የሰጡት መልስ ይህንኑ ይነካል። ቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ክህነትን ለመስጠት ሥልጣን የላትም አሉ፤ ጌታ ዐሥራ ሁለቱን ከወንዶች መርጧልና፣ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሳታቋርጥ ጠብቃለችና። ይህ የሴትን ክብር ዝቅ የሚያደርግ እንዳይመስለን፣ ከፍጥረት ሁሉ የከበረችው የአምላክ እናት ቅድስት ድንግል ማርያም ራስዋ የሐዋርያትን ሹመት እንዳልተቀበለች አስታወሱን። ክህነት የታላቅነት መለኪያ አይደለም፤ ታላቅነት ቅድስና ነው። የሉተራውያኑ ውሳኔ በተላለፈበት በ1970፣ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ቅድስት ቴሬዛ ዘአቪላንና ቅድስት ካታሪና ዘሲየናን የቤተ ክርስቲያን መምህራን ብለው ሰየሙ፤ ከሴቶች ለዚህ ማዕርግ የበቁ የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው። ካታሪና ካህን አልነበረችም፤ ነገር ግን ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 11ኛን ከአቪኞን ወደ ሮማ እንዲመለሱ በድፍረት መክራለች፤ ተሰምታለችም።

ነገር ግን ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህን አንብበን «አሸነፍን» እንዳንል እንጠንቀቅ። የእነዚህ እኅቶች መምጣት የክርክር ዋንጫ አይደለም። በሄዱበት ስፍራ ትተዋቸው የመጡ፣ የሚወዷቸውና የሚያለቅሱላቸው ሰዎች አሉ። ቃሉን መውደድና መጽሐፍን መመርመርን የተማሩትም በዚያው በተዉት ቤት ነው፤ ይህንም ይዘው መጥተዋል።

ይልቁንስ ራሳችንን እንመርምር። እኔ ካህን ነኝ፤ እነርሱ በፈቃዳቸው ያወረዱትን ስም እኔ ተሸክሜአለሁ። ክህነትን መብት ነው ብለው ቢይዙት ኖሮ ባልተዉት ነበር፤ ጸጋ መሆኑን ስላመኑ ተዉት። እኔስ በየማለዳው ወደ መንበረ ታቦቱ ስቀርብ እንደ ባለ ዕዳ ነው የምቀርበው ወይስ እንደ ባለ ርስት? ሥልጣኔን ለማገልገል ነው ወይስ ለመከበር? እነርሱ ለቤተ ክርስቲያን ድምፅ ታዘው ሲንበረከኩ፣ እኔ የታዘዝሁትን ሳጉረመርም የምሠራ ከሆነ፣ በፍርድ ቀን ምን እመልሳለሁ?

በቁምስናችንስ? ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠርጉ፣ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ፣ ሕመምተኞችን የሚጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ምክር በሚመከርበት ቀን ግን እንጠራቸዋለንን? «ክህነት ለሴቶች አይሰጥም» የሚለውን ትምህርት በትክክል እያስተማርን፣ የሴቶችን ስጦታ ሁሉ በዚያ ሰበብ ብንዘጋ፣ አደራውን አልጠበቅንም፤ ቀበርነው እንጂ። የትንሣኤውን ዜና ለሐዋርያት ያደረሰች መግደላዊት ማርያም ናት። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2016 መታሰቢያዋን ከሐዋርያት ጋር በሚተካከል የበዓል ማዕርግ ያስቀመጡት በከንቱ አይደለም።

ዕንቁዋን የምንሰጠው እኛ አይደለንም፤ ሰጪው ክርስቶስ ነው። ነገር ግን ሁሉን ሽጠው ለሚመጡት የቤቱን በር የምንከፍት እኛ ነን። ገብተው ሲያዩን፣ ዕንቁዋን በእጃችን ይዘን ዋጋዋን የረሳን ሰዎች ሆነን እንዳያገኙን እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።