የጌታ ጥላና የጥበብ ሰው

በቋንቋችን ጥላ የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው፤ ከፀሐይ የሚያስጠልለውም፣ ብርሃን የሚጋርደውም ጥላ ይባላል። እንግዲህ የጥበብ ሰው በንጉሥ ወይም በባለጸጋ ጥላ ሥር ሲጠጋ የሚያገኘው የትኛውን ነው? እንጀራውን ለሰጠው ጌታስ የሚከፍለው ዕዳ ምስጋና ነው ወይስ እውነት? ዛሬ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ ትልቁንም ትንሹንም ሳይንቅ የሚቀበል የግብር ቤት ነበር። በቀድሞው ዘመን በመኳንንት ግብር ላይ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ይቆማል፤ ጌታውን ያወድሳል፤ ውዳሴውን ግን በሰም ሸፍኖ በወርቁ ይወጋዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ክስን በዜማ ጠቅልሎ ከጌታ ጆሮ ማድረስ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ አዝማሪውም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ከባሕር ማዶ ደግሞ የእንግሊዝን ታሪክ እንመልከት። በ1572 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በወጣው ሕግ ጌታ የሌለው ተዋናይ እንደ ወሮበላ ተቆጥሮ ይገረፍ ነበር። በ1603 ዓ.ም. ንጉሥ ጄምስ ለንደን በገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሼክስፒርን ጓድ በስማቸው አስጠሩት፤ «የንጉሡ ሰዎች» ተባለ። ቸነፈር ገብቶ የቴአትር ቤቶች በተዘጉ ጊዜም ንጉሡ ለጓዱ መተዳደሪያ 30 ፓውንድ ሰጡ። ይህ የሚያስጠልለው ጥላ ነው። የሚጋርደውም አልቀረም፤ በ1624 ዓ.ም. ይኸው ጓድ በእስፓኝ ላይ የሚሣለቅ ጨዋታ አሳይቶ ሕዝቡ ዘጠኝ ቀን አዳራሹን ሲያጨናንቅ፣ የእስፓኝ አምባሳደር ስለ ከሰሰ ጨዋታው በንጉሡ ትእዛዝ ተከለከለ።

በአገራችንም ሁለቱ ጥላዎች ታይተዋል። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት የታየው ግን በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የሎሌውን ሚስት ወስዶ ባልዋን ለሞት አሳልፎ የሰጠውን ንጉሥ ታሪክ በንጉሥ ስም በተሠራ አዳራሽ ማሳየት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ዳዊት ከሞተ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። የሞተን ንጉሥ መገሠጽ ይቀላል፤ ፈተናው በሕይወት ካለው ፊት መቆም ነው።

ፈተናው በወሎ መጣ። በ1965 ዓ.ም. ረኃብ ሲበረታ ገበሬው ከቀዬው ተነሥቶ በአውራው ጎዳና ዳር ወደቀ፤ መንግሥትም ነገሩን መሸፈን መረጠ። ዓለም በሰፊው የሰማው በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ባሳየው ፊልም ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አዲሱ ጌታም በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖችን አደራጀ፤ የወሎ ላሊበላ ቡድን እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉትን ድምፃውያን ለአገር አበረከተ። ይሁንና በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በደስታና በዘፈን ሲከበር በወሎ ቆላና ደጋ ሰው እንደ ገና በረኃብ ያልቅ ነበር። ጌታው ተለወጠ፤ የሚጋርደው ጥላ ግን ያው ነበር።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚል ይኖራል፤ የሰው እንጀራ የበላ ሰው ስለ አብላው መጮኹ ግድ ነው ለማለት ነው። ተረቱን እኛም እንቀበላለን፤ ነገር ግን እስቲ በደንብ እንመልከተው። ውሻ በበላበት ደጅ የሚጮኸው ሌባ ወይም ጅብ ሲመጣ የተኛውን ባለቤት ሊቀሰቅስ ነው። ጅብ ከበረት ሲገባ ጅራቱን እየቆላ ዝም የሚል ውሻ እንጀራውን በከንቱ በልቷል። እንግዲያስ ጌታውን ከእንቅልፉ የሚያነቃው የጥበብ ሰው ውለታ መላሽ እንጂ ውለታ ቢስ ሊባል አይገባውም።

ዛሬ በደሴ ንጉሥ የለም። ቴአትር ወይም የኪነት ቡድን ሊያቋቁም የሚሻ ወጣት ደጅ የሚጠናው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በነጋዴውና በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዘንድ ነው። እነዚህ ሁሉ ገንዘባቸውን ሲሰጡ ስማችን ይወደሳል ወይ ብለው ከመጠየቅ ይልቅ፣ የማናውቀውን የሕዝብ ችግር ይነግረናል ወይ ብለው ቢጠይቁ ጥቅሙ ለራሳቸው ነው። የከተማውም ሕዝብ ድርሻ አለው። የንጉሡ ሰዎች እንኳ አብዛኛውን ኑሯቸውን ያገኙት በግሎብ ደጅ አንዳንድ ሳንቲም እየከፈለ ከሚገባው ሕዝብ ነበር። የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የሚገባ ተመልካች በበዛ ቁጥር ተዋናዩ በአንድ ጌታ ፊት ብቻ መንበርከኩ ይቀራል፤ ነገ ክፉ ቀን ቢመጣም ወሎ የራሱን ጩኸት ከባዕድ ፊልም እስኪሰማ አይጠብቅም።